ሹራቡ ፊቱ ይከፈት ወይስ በራስ ይጠለቅ?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሹራብ ነው። «ሹራብ ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል?» ትሉ ይሆናል። ግን ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ሹራብ ቀላል ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከመንዝ አገር ከዚያም በላይ ከፍ የሚል ብዙ ቦታ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። እረኛው ልጅ ግን በዚያ ሰዓት ከብቱን ይዞ መውጣት አለበት።

አንድ ሹራብ እስኪያልቅ ብዙ ድካም አለው። በጉ ይሸለታል። ፀጉሩ ይታጠባል፤ ይባዘታል፤ በእንዝርት ይፈተላል። ከዚያ ስንት ማታ በእሳት ብርሃን ተቀምጦ መሥራት አለ። ይህ ሁሉ ከተደከመ በኋላ ሹራቡ ለሚለብሰው ሰው ባይመች፣ ድካሙ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው። ሹራብ ሠሪ ከመጀመሯ በፊት የምትወስነው ዋና ነገር አለ፤ ሹራቡ ፊቱ ክፍት ይሁን ወይስ በራስ የሚጠለቅ?

በዚህ ጉዳይ ሹራብ የሚሠሩ ሰዎች አይስማሙም። ዛሬ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ እናያለን። ከዚያም የተማርነውን ቁጥር አውጥተን ክርክሩን እንመዝነዋለን።

1. ቃላቱን እናንብብ

ቀስ ብላችሁ አንብቡ፦

ሹ–ራ–ብ
እ–ጅ–ጌ
ቁ–ል–ፍ
ረ–ድ–ፍ
ዐ–ይ–ን

እጅጌ ክንድ የሚገባበት ነው። ቁልፍ ሹራቡን የሚዘጋው ነው። በመርፌው ላይ የሚንጠለጠለውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት በዚህ ትምህርት «ዐይን» እንለዋለን። መርፌው ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ሠርቶ ሲደርስ አንድ «ረድፍ» ይሆናል። ረድፍ በረድፍ ላይ ሲጨመር ሹራቡ ያድጋል። ልክ ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ እንደሚያድግ ማለት ነው።

2. ሁለቱ ዓይነት

አንደኛው በራስ የሚጠለቅ ሹራብ ነው። እንደ እጀ ጠባብ ነው። ፊቱ ዝግ ነው፤ ጭንቅላት በአንገቱ ቀዳዳ ያልፋል። ፈረንጆቹ ፑሎቨር ይሉታል።

ሁለተኛው ፊቱ ክፍት የሆነ ሹራብ ነው። እንደ በርኖስ ከፊት ይከፈታል። ግን እጅጌ አለው፤ በቁልፍም ይዘጋል። ይህን ደግሞ ካርዲጋን ይሉታል።

እንግዲህ ቅርጾቹ ለእኛ አዲስ አይደሉም። እጀ ጠባብም በርኖስም ከአያቶቻችን ጀምሮ የነበሩ ናቸው። አዲሱ ነገር በመርፌ መሠራታቸው ነው።

3. ከየት መጡ?

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ውስጥ ገርንዚና ጀርሲ የሚባሉ ሁለት ደሴቶች አሉ። ጀርሲ የሚለውን ስም ከወተት ላም ጋር ሰምታችሁት ይሆናል። አዎ፣ የጀርሲ ላም ዘሯ የመጣው ከዚያችው ደሴት ነው። የዚያ አካባቢ ዓሣ አጥማጆች ጠበቅ ብሎ የተሠራ፣ በራስ የሚጠለቅ የበግ ፀጉር ሹራብ ይለብሱ ነበር። ለምን የሚጠለቅ ሆነ? በባሕር ላይ ነፋሱ ብርቱ ነው። ፊቱ ክፍት ቢሆን ነፋስ ይገባል። ቁልፍ ቢኖረው ደግሞ መረቡ ይይዘዋል። ሥራቸው ቅርጹን ወሰነው።

ካርዲጋን የሚለው ስም የመጣው ከአንድ የእንግሊዝ መስፍን ማዕረግ ነው። የካርዲጋን መስፍን የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ነበር። እርሱና ወታደሮቹ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋ የሱፍ ሹራብ ይለብሱ ነበር ይባላል። መስፍኑ ባላክላቫ በተባለው ቦታ ፈረሰኞቹን መርቶ የዘመተው በ1847 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። በዚያው በ1847 ዓ.ም. በየካቲት በእኛ አገር ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዘመኑን በዚህ አስታውሱት።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሁለቱም ቅርጽ ለጌጥ ብቻ አልተፈለገም። የዓሣ አጥማጁ ኑሮ ዝጉን ፈለገ፤ የወታደሩ ኑሮ ክፍቱን ፈለገ።

4. የሹራብ ሠሪዎች ክርክር

የሚጠለቀውን የሚወዱት እንዲህ ይላሉ፦

«የሚጠለቅ ሹራብ ይሞቃል። ደረት ላይ ክፍተት የለውም። ቁልፍ መግዛት የለ፣ ቁልፍ መጥፋት የለ። ልጅ ቁልፉን በጥሶ ይጥላል እኮ! ደግሞም ሥራው ቀጥ ያለ ነው። ፊቱን እንደ ጀርባው ትሠሪዋለሽ፤ አንገቱ ላይ ብቻ ትጠነቀቂያለሽ። ክፍቱ ግን ሁለት ግማሽ አለው። አንዱ ከሌላው አንድ ረድፍ ቢበልጥ ጫፉ ዘመም ብሎ ይታያል። ሲቆይም ጠርዙ ይለጠጥና በቁልፍና በቁልፍ መካከል አፉን ይከፍታል። ከሁሉ በላይ ግን ክፍት ሹራብ ክር ይበላል።»

ክፍቱን የሚወዱት ደግሞ ይመልሳሉ፦

«የደጋ ብርድ ጠዋትና ማታ ነው። ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ክፍቱን ትፈቺዋለሽ፣ ሲበርድ ትቆልፊዋለሽ። የሚጠለቀውን ግን ወይ ትለብሺዋለሽ ወይ ታወልቂዋለሽ፤ መካከል የለውም። የምታጠባ እናት በየሰዓቱ ሹራብ ልታወልቅ ነው? ሹሩባ የተሠራች፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ራሷን ልታበላሽ ነው? ቄሱስ ጥምጥማቸውን ሊፈቱ ነው? ክንዳቸውን ወደ ላይ ማንሣት የማይችሉ ሽማግሌ የሚጠለቀውን ማን ያልብሳቸው? የታመመ ሰውም እንደዚሁ።»

የፊተኞቹ ዝም አይሉም፦

«ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች እናትስ? ማሰሪያው ደረቷ ላይ ሲጠብቅ ቁልፉ አይወጋትም? እንጨት የተሸከመችውስ? ገመዱ ቁልፉን አይነቅለውም?»

እዚህ ላይ እናንተ ምን ትላላችሁ? ማንኛቸው ትክክል ናቸው? በእኛ አስተያየት ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው። ግን እያንዳንዱ የሚያስበው የተለያየ ሰው ነው። አንዱ እረኛውን ያስባል፤ ሌላው የምታጠባውን እናት ያስባል። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ሹራብ ይሻላል?» ሳይሆን «የሚለብሰው ማነው? ሥራውስ ምንድነው?» መሆን አለበት።

አንድ ነገር ግን በአስተያየት አይወሰንም። «ክፍት ሹራብ ክር ይበላል» የሚለው ነው። ይህ በቁጥር ይወሰናል። እርሳስና ወረቀት አምጡ።

5. ክርክሩን በቁጥር እንመዝን

መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ሥሩ። ከዚያ በሜትር ለኩት። የእኛ ናሙና እንዲህ ሆነ እንበል፦

በአግድም 1 ሳንቲ ሜትር = 2 ዐይን
ወደ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር = 3 ረድፍ

የእናንተ ክር ወፍራም ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል፤ ቀጭን ከሆነ ይበዛል። ስለዚህ የራሳችሁን ናሙና ቁጥር ተጠቀሙ።

የሚለብሰው ሰው ደረቱ ዙሪያውን 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ሹራብ ሰውነትን አጣብቆ መያዝ የለበትም። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር እንጨምርለት።

90 + 10 = 100 ሳንቲ ሜትር
100 × 2 = 200 ዐይን

የሚጠለቅ ከሆነ ጀርባው 100 ዐይን፣ ፊቱ 100 ዐይን ነው።

ክፍት ከሆነ ጀርባው 100 ዐይን ነው። ፊቱ ለሁለት ይከፈላል፤ 50 እና 50። ግን እንዲቆለፍ አንዱ በሌላው ላይ መደረብ አለበት። እያንዳንዱ ፊት ከመካከሉ 2 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። 2 ሳንቲ ሜትር 4 ዐይን ነው።

50 + 4 = 54 ዐይን ለአንዱ ፊት
54 + 54 = 108 ዐይን ለሁለቱ ፊት

ስለዚህ ክፍቱ በአንድ ረድፍ 8 ዐይን ይጨምራል።

አሁን ወደ ላይ እንቁጠር። የሹራቡ ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንገቱ በታች የሚከፈተው 52 ሳንቲ ሜትር ነው። ብብትና አንገት ላይ የሚቀነሰውን ለጊዜው እንተወው።

60 × 3 = 180 ረድፍ
180 × 200 = 36,000 ዐይን። ይህ የሚጠለቀው ሹራብ ገላ ነው፤ እጅጌውን ሳይጨምር።

52 × 3 = 156 ረድፍ
156 × 8 = 1,248 ዐይን። ይህ ክፍቱ የሚጨምረው ነው።

ከ36,000 ላይ 1,248 ምን ያህል ነው? ከ100 ዐይን ላይ 4 ዐይን እንኳ አይሞላም! እጅጌው ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ እጅጌው ሲደመር ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል።

አያችሁ? «ክፍት ሹራብ ክር ይበላል» የሚለው ንግግር ሐሰት አይደለም፤ ይበላል። ግን የሚበላው ጥቂት ነው። ክፍቱ በእውነት የሚያስወጣው ሌላ ነው። አንደኛ የቁልፍ ዋጋ፣ ሁለተኛ የጠርዙ ሥራና ጥንቃቄ ነው። ቁጥር ያላወቀ ሰው በተነገረው ይሄዳል፤ ቁጥር ያወቀ ግን ራሱ ቆጥሮ ይፈርዳል።

ቁልፉንም እንቁጠር። የሚከፈተው 52 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ 2፣ ከታች 2 ሳንቲ ሜትር እንተው። 48 ይቀራል። ቁልፎቹ በየ8 ሳንቲ ሜትሩ ይሁኑ።

48 ÷ 8 = 6

ታዲያ 6 ቁልፍ ይበቃል? አይበቃም! 7 ያስፈልጋል። አጥር ስታጥሩ አስቡት። 6 ክፍት ቦታ እንዲኖር 7 ቋሚ እንጨት ትተክላላችሁ። ቁልፍም እንዲሁ ነው። ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጥሩን ጻፉ፤ አንድ ቁልፍ ቢጎድል ተመሳሳዩን ማግኘት ያስቸግራል። ቢቻል አንድ መጠባበቂያ ግዙ።

6. ለማን የትኛው?

ለእረኛ ልጅ፦ የሚጠለቅ። ነፋስ አያስገባም፤ የሚጠፋ ቁልፍ የለውም። እጅጌውንና ቁመቱን ትንሽ አስረዝሙት፤ ልጁ ያድጋል።

ለሚያርስና ለሚያጭድ ሰው፦ የሚጠለቅ። ሰውየው ጎንበስ ቀና ሲል ፊቱ አይንጠለጠልም።

ለምታጠባ እናት፦ ክፍት። አንቀልባው የሚታሰርበትን ቦታ ለኩና ቁልፎቹን ከዚያ ቦታ ከፍና ዝቅ አድርጉ።

ለሽማግሌና ለታመመ ሰው፦ ክፍት። ቁልፉ ትልቅ ይሁን፤ የደነዘዘ ጣት ትንሽ ቁልፍ አይዝም።

ለሕፃን፦ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። የሕፃን ጭንቅላት ከገላው ጋር ሲመዘን ትልቅ ነው። የሚጠለቀው አንገቱ ከጠበበ ልጁ ያለቅሳል፤ ከሰፋ ደግሞ ብርድ ይገባል። መካከለኛ መንገድ አለ። ሹራቡ የሚጠለቅ ይሁን፤ አንዱ ትከሻ ላይ ግን ክፍት ተትቶ በ2 ወይም በ3 ቁልፍ ይዘጋ። ሲለብስ አንገቱ ይሰፋል፤ ሲቆለፍ ይጠባል። ሕፃን የሚጎትተው ቁልፍ ተነቅሎ አፉ ውስጥ እንዳይገባ በጠንካራ ክር ስፉት፤ በየጊዜውም ሳቡና ፈትሹት።

7. በመቀስ የሚከፈተው

አይስላንድ የምትባል ቀዝቃዛ ደሴት አለች። ሕዝቧ ከጥንት ጀምሮ በግ አርቢ ነው። የሚታወቁበት ሹራብ ሎፓፔይሳ ይባላል፤ ትከሻው ዙሪያውን በጌጥ የተሠራ ነው። በሁለቱም ዓይነት ይሠራል፤ ዝጉም ክፍቱም አለ። የሚገርመው ግን ክፍቱን የሚሠሩበት ዘዴ ነው። መጀመሪያ እንደሚጠለቀው አድርገው ዙሪያውን ይሠሩታል። ፊቱ መካከል ላይ ጥቂት ትርፍ ዐይን ይጨምራሉ። ሥራው ሲያልቅ በዚያ ትርፍ ግራና ቀኝ በስፌት መኪና አጥብቀው ይሰፉታል። ከዚያ በሁለቱ ስፌት መካከል በመቀስ ይቆርጡታል! በመጨረሻ የቁልፉን ጠርዝ ይሠሩለታል።

አይተረተርም ወይ? የበግ ፀጉር ክር ጨጎግ ያለ ነው፤ አንዱ አንዱን ይይዛል። ስፌቱም አጥብቆ ይይዘዋል። የፋብሪካ ልስልስ ክር ግን ይሾልካል፤ በዚያ ላይ መቀስ አታንሡ። የበግ ፀጉር ክርም ቢሆን በመጀመሪያ በትንሽ ናሙና ሞክሩት፤ ለመሞከር ብላችሁ የለበሳችሁትን ሹራብ አትቁረጡ።

የእነዚያ ሰዎች ሌላ ትምህርትም አላቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 የአይስላንድ ሹራብ ሠሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሹራባቸውንም በማኅበራቸው በኩል ይሸጡ ጀመር። ብቻዋን ገበያ የወጣች ሴት ነጋዴ የሰጣትን ትወስዳለች። በማኅበር ሆና ግን ስለ ዋጋው አፍ አውጥታ ትነጋገራለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ይኸው ነው።

8. ስለ ክሩና ስለ አያያዙ

የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ነው። ከጥንት ጀምሮ ባና እየተሸመነበት ብርድ መክቷል። ይህን በግና ፀጉሩን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በዚህ ክር የተሠራ ሹራብ ከሸሚዝ ላይ እንጂ በገላ ላይ ቢለበስ ያሳክካል። ስለዚህ ስትለኩ ከውስጥ የሚለበሰውን ልብስ አስቡና ጥቂት አስፉት።

የበግ ፀጉር ሹራብ በፈላ ውኃ አይታጠብም፤ አይታሽም። ይኮማተርና የአዋቂው ለልጅ ይሆናል። ለብ ባለ ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ እጠቡት። አትስቀሉት፤ ውኃው ከብዶ ይጎትተዋል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጥላ ዘርጉት። ክፍቱ ሹራብ ሲሰጣ ቁልፎቹ ተቆልፈው ይሁን፤ ጠርዙ አይጣመምም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ገበያ ላይ ከሚሸጠው የፋብሪካ ክር ብዙው ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሽ ክር እሳት ሲነካው ይቀልጣል፤ ቀልጦም ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። የበግ ፀጉር ግን ቶሎ ነበልባል አያነሣም። ምድጃ ዳር የምትውል እናት፣ እሳት ዳር የሚሞቅ ልጅ፣ በሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሰፊ እጅጌና ሳይቆለፍ የሚንጠለጠል ፊት አይልበሱ። ክፍት ሹራብ የለበሰ ሰው ወደ እሳት ሲጠጋ ይቆልፈው።

9. ጥያቄዎች

መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያም በክፍል ተወያዩበት።

ሀ. በራስ የሚጠለቅ ሹራብ ከጥንት ልብሳችን የትኛውን ይመስላል? ክፍቱስ?

ለ. የአንድ ልጅ ደረት ዙሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። 1 ሳንቲ ሜትር 2 ዐይን ከሆነ በጠቅላላው ስንት ዐይን ይጀመራል?

ሐ. ቁልፍ የሚሰፋበት ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁልፎቹ በየ6 ሳንቲ ሜትሩ ከሆኑ ስንት ቁልፍ ይገዛል? አጥሩን አስታውሱ።

መ. በቤታችሁ ብርድ አብዝቶ የሚያገኘው ማን ነው? በምን ሰዓት? ምን ሥራ ላይ ሳለ? ለዚያ ሰው የትኛው ሹራብ ይስማማዋል? ምክንያቱን በ3 ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

የ«ለ» መልስ 140፣ የ«ሐ» መልስ 6 ነው። የ«መ» መልስ ግን እኛ ዘንድ የለም፤ ያለው በየቤታችሁ ነው።

የመጨረሻው አደራችን ይህ ነው። ሹራብ ስትጀምሩ የሚለብሰውን ሰው ልክ፣ የዐይኑንና የረድፉን ቁጥር፣ የቁልፉንም ብዛት በወረቀት ጻፉና ከክሩ ጋር አኑሩት። ድሮ ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ራስ ውስጥ ብቻ ይያዝ ነበር። እርሷ ስትታመም ሥራው ይቆማል፤ ስትሞት ዕውቀቷ አብሯት ይቀበራል። የተጻፈ ልክ ግን ከእናት ለልጅ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት ይተላለፋል። በሚመጣው ዓመት ልጁ ሲያድግም ወረቀቱን አውጥታችሁ ጥቂት ዐይን መጨመር ብቻ ይሆናል ሥራችሁ።